ሰባት ጊዜ ዘጠኝ

የአራተኛ ክፍል ልጆች ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሞተ አራት ሺህ ዓመት የሆነውን ሰው እጅ ያጠልቃሉ። ማንም አይደነግጥም፤ ጠቡ ማን ይቅደም በሚለው ብቻ ነው። መሣሪያው «እጅ መላሽ» ይባላል፤ በጥንት የሸክላ ጽሑፍ ላይ የቀረውን ጫና አንብቦ የጸሐፊውን የእጅ እንቅስቃሴ ለለባሹ የሚመልስ ጓንት ነው። ድሬዳዋ የመስታወት ጣሪያ ከለበሰች ወዲህ የተወለዱት ልጆች የባቢሎንን ሒሳብ የሚማሩት እንዲህ፣ እርጥብ ጭቃ እየወጉ ነው።

መምህርት ያለምዘርፍ ዛሬ ሐሳቧ ሁሉ ሂክማ ላይ ነበር። ሂክማ ማባዣውን በቃሏ ታንበለብለዋለች። መሳሳት ስለምትፈራ ግን ዓመቱን ሙሉ አንዲት ቁጥር አልጻፈችም። ዛሬም ካልጻፈች፣ ማሽን ሐሳባቸውን አንብቦ ወደሚጽፍላቸው ልጆች ክፍል ትዛወራለች። ከዚያ ክፍል ተመልሶ እርሳስ የጨበጠ ልጅ የለም።

ልጆቹ ሳይገቡ ጓንቱን ራሷ ሞከረችው። የዘጠኝን ማባዣ እስከ ስድስተኛው መስመር በሰላም ጻፈ፤ ሰባተኛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ የጻፈውንም በአውራ ጣት ደመሰሰው።

«ተበላሸ?» አለች።

«አዲስ ቅጂ ነው፤ ገና አላጸዳሁትም» አለ ቴክኒሻኑ ረመዳን። «ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለውን ቆርጬ ነው የማመጣልሽ። የሰው እጅ እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ ይላል እንዴ?»

ከተደመሰሰው ሥር በጭቃው ላይ የቀረውን ምልክት አተኩራ አየችው። ባቢሎናውያን የሚቆጥሩት በስልሳ ነው፤ አንድንም ስልሳንም በአንድ ዓይነት ሽብልቅ ምልክት ይጽፋሉ፤ የሚለያቸው ቦታቸው ነው። ሰባት ጊዜ ዘጠኝ፣ ማለትም ስልሳ ሦስት፣ አንድ ሽብልቅ፣ ክፍተት፣ ከዚያ ሦስት ሽብልቅ ነው። የጥንቱ ተማሪ ክፍተቱን ረስቶ አራት አድርጎት ነበር።

«እንዳትቆርጠው» አለችው።

ልጆቹ ሲገቡ ጓንቱን ለሂክማ አጠለቀችላት። «የሚጽፈው ሌላ ልጅ ነው። አንቺ እጅሽን ብቻ አውሺው።»

ጓንቱ ሰባተኛው መስመር ላይ ሲንቀጠቀጥ ክፍሉ ሳቀ። ሂክማ አልሳቀችም።

«ቲቸር፣ ተሳሳተ። ፈርቷል። ይመቱት ነበር?»

«እኔንጃ፣ የኔ ልጅ።»

ጓንቱ ደመሰሰና ላላ። ሁሉም ጠበቁ፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ጽሑፉ እዚህ ላይ ነው ያለቀው» አለ ረመዳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጁ ከዚያ ወዲያ አልጻፈም።»

ሂክማ በግራ እጇ ጓንቱን ዳሰሰችው። «አይዞህ» አለችው፤ «እኔ እጨርስልሃለሁ።» አንድ ሽብልቅ ወጋች፤ ክፍተት ተወች፤ ሦስት ወጋች። ስምንተኛው ላይ እሷም ክፍተቱን ረስታ አጠጋጋችው፤ በአውራ ጣቷ ደምስሳ ቀጠለች።

ያለምዘርፍ እንባዋን መደበቅ አቃታት። እጅ መላሽን የሠሩት ሰዎች የጥንቶቹ ለዛሬዎቹ እንዲደርሱላቸው አስበው ነበር። የዛሬዎቹም ለጥንቶቹ ይደርሳሉ ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።