በደረቅ ወለል ላይ የፈሰሰ ውሃ

ኢንስፔክተር ኮከብ ነገሌ ቦረና በሚሠራው አዲስ ሆቴል ስትደርስ፣ የወለል ፋቂው የዱጋሳ አስከሬን ከአዳራሹ አልተነሳም ነበር። ጭንቅላቱ የመፋቂያ ማሽኑን መትቶ፣ በውሃ ተከቦ ወድቋል። የሥራ ጓደኛው ጂሎ ትናንት ተጣልቶት ስለነበር፣ ሆን ብሎ ውሃ አፍስሶ አንሸራተተው ተብሎ ታስሯል። ለፖሊስ የጠቆመችው የጂሎ የገዛ እህት ሚልኪ፣ የሟቹ ሚስት ናት።

ኮከብ ጎንበስ ብላ ውሃውን አየችው። ከሥሩ የተፋቀው ኮንክሪት ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል።

«አካም ኦቦ ቡሌ፣ ውሃ የሚያመጡት እርስዎ ነዎት?» አለች ዘበኛውን።

«ናጋ፣ ደህና ነኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ግን ሦስት ቀን አላመጣሁም። ዱጋሳ ‹በውሃ መፋቁ አልቋል፣ ከእንግዲህ በደረቁ ነው የምናለሰልሰው› አለኝ። በርሜሉም ባዶ ነው።»

ፎቅ ላይ የግንባታው ተቆጣጣሪ ኢንጂነር ወንዶሰን ቢሮውን በቁልፍ ከፈተላት። ሰውየው ከወረቀት እንጂ ከወለል ጋር አይተዋወቅም።

«ወለል የሚፋቀው በውሃ ነው፤ አዳልጦት ይሆናል» አላት።

በከተማው የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ ነው። ጠረጴዛው ሥር ግን ውስጣቸው ገና ያልደረቀ ሁለት ባዶ ጄሪካኖች አሉ።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ተነስቶ፣ ጂሎም ከነካቴናው መጥቶ፣ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ወለል በውሃ ሲፋቅ ውሃው ግራጫ ጭቃ ይሆናል። ይሄ ግን ጥርት ያለ ነው፤ የፈሰሰው ሥራው ከቆመ በኋላ ነው። ጂሎና ኦቦ ቡሌ ሥራው በደረቁ መሆኑን ያውቃሉ፣ አደጋ ለማስመሰል ውሃ አይመርጡም። የማያውቀው አንድ ሰው ነው። ውሃውም የነበረው እሱ ቢሮ ብቻ ነው።»

«ምን አድርጎኝ?» አለ ወንዶሰን።

ኮከብ ወደ ጥጉ ጠቆመች። የተፋቀው ኮንክሪት ውስጥ የአፈር ጓል ይታያል።

«ላዩ ሲነሳ ውስጡ ወጣ። ይህን ኮንክሪት ደህና ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

«ዱጋሳ ለሆቴሉ ባለቤት እናገራለሁ ብሎ ነበር» አለ ጂሎ። «ተው፣ እንጀራችንን ታሳጣናለህ ብዬው ነው የተጣላነው።»

ወንዶሰን አንገቱን ደፋ። «የገፋሁት አንዴ ብቻ ነው» አለ።

ካቴናው ከጂሎ እጅ ወደ እሱ ዞረ። ሚልኪ እያለቀሰች ወንድሟ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል፣ ጂሎ ክንዷን ይዞ አስቆማት።

«ፖሊስ አያውቀኝም፤ ቢያስረኝ አልፈርድበትም። አንቺ ግን ታውቂኝ ነበር።»

ይህን ብሎ የዱጋሳን መቃብር የሚቆፍሩትን ሊያግዝ ብቻውን ወጣ።