ከመሰላሉ ሥር የነበረው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር በምንኖርበት ግቢ ማታ ማታ ከሙቀቱ ሸሽተን አልጋችንን ደጅ አውጥተን ስንተኛ፣ ሰዎቹ ስለ ጂን ስለ መንፈስ ሲያወሩ፣ «ጸሎታችሁን አድርሳችሁ ተኙ፣ ነገ ሥራ አለ» እያልኩ የማላግጠው እኔ ነበርኩ፣ በዚህ ጠባዬ የሳጃና ሐበሻ ሁሉ ያውቀኝ ነበር። ስለዚህ አሁን የማወራውን ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔ ራሴ አላምነውም ነበር፣ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ነገሩ ከፍርሃት ይጀምራል። የሰው ፍርሃት በጣም ያስቀኝ ነበር። አብሮን የሚኖር አንድ ግዙፍ የጎጃም ሰው ነበር፣ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ በአንዴ የሚሸከም፣ ድመት ካየ ግን አልጋ ላይ ዘሎ ይወጣል፣ ካርቱም ደግሞ ድመት እንደ ጉድ ነው። አከራያችን ሱዳናዊቷ ሴትዮ ግድግዳ ላይ እንሽላሊት ካየች ያን ቀን እዚያ ክፍል ድርሽ አትልም። ዐማራት የሚባል ሰፈር ቢሮ የምታጸዳ ጎረቤታችን ደግሞ አሳንሰር ፈርታ ስድስት ፎቅ ባልዲዋን ተሸክማ በደረጃ ትወጣ ነበር። እኔ በሁሉም እስቃለሁ፣ እንደ ድመት እየጮህኩ ያን ምስኪን ጎጃሜ አስዘልለው ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፣ ሁሉም የየራሱ ምክንያት ይኖረው ነበር፣ አንድ ቀን ግን ጠይቄያቸው አላውቅም።

የምስቀው የራሴን ለመሸፈን ነበር፣ ይኸው ዛሬ ተናገርኩት። እኔ ከፍታ እፈራለሁ። ቀለም ቀቢ ሆኜ ከፍታ እፈራለሁ፣ ጉድ አትሉም?

ሥራ የሚሰጠን ሙቃውል፣ ማለትም ተቋራጩ፣ ሙዓዝ ይባላል፣ እናቱ ጎንደሬ አባቱ ሱዳናዊ፣ እዚያው ካርቱም ያደገ፣ አማርኛው ስብርብር ያለ ልቡ ግን ንጹሕ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን «ላይ ማን ይወጣል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሥራው እንዳያመልጠኝ ብዬ የመስጊድ ሚናራ ጫፍ ድረስ እወጣለሁ ብዬ ፎከርኩ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ላይ ወጪው እኔ ሆኜ ቀረሁ። አብሮኝ የሚኖረው ዳምጤ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ጉልበቱን የሚያመው ዝምተኛ የአርማጭሆ ሰው፣ ከታች መሰላል ያዥና ቀለም በጥባጭ ሆነ። ያን ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ብረቱን አቀፍኩት። ዳምጤ ከመሰላሉ መንቀጥቀጥ ነው ያወቀብኝ። አልጠራኝም፣ አልጮኸም፣ በስቱኮ መላጊያው እስፓቱላ የመሰላሉን እግር ኳ ኳ አደረገው። ስወርድ ማንም በሌለበት ጠብቆ እንዲህ አለኝ፦

«ሁለቴ ሲንኳኳ እዚህ ነኝ ማለት ነው። ወደ ታች አትይ፣ ስማ ብቻ።»

ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር እንደዚያ ሠራን። ትንሽ ቆየት ይልና ኳ ኳ፣ እኔም ልቤ መለስ ይልና መቀባቴን እቀጥላለሁ። ለሙዓዝም፣ ለግቢያችን ሰውም ለማንም አልተናገረብኝም። እኔ ግን ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ቡና ቤት ሰው በተሰበሰበበት «የመሰላል እግር» የሚል ስም አወጣሁለት፣ ሰዉ ሲስቅ እሱም አብሮ ፈገግ ይል ነበር። ይቺ ፈገግታ አሁን ድረስ ታቃጥለኛለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል። ከታች ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ከውኃና ከቀለም ጋር ስለሆነ ልብሱ እርጥብ ነው። ዳምጤ አንዴ ቢጣጋው፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ማለት ነው፣ ኪሱ ውስጥ ርሶ ሊበላሽበት ነበር፣ ከዚያ በኋላ በላስቲክ ጠቅልሎ ጠዋት ጠዋት ለእኔ ይሰጠኛል፣ ማታ ይቀበለኛል። ላይ ያለ ሰው ኪስ ደረቅ ነው፣ በእኛ ሥራ እንዲህ ነው ልማዱ። የእሱ ወረቀት የታደሰ ነበር፣ የእኔ ጊዜው አልፎበታል።

ዐማራት አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ስንቀባ ነው። የግቢው ጠባቂ ዓም ኢድሪስ፣ ዓም አጎቴ እንደማለት ነው፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በሩ ክፍት ነበር። እኔ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት አጠገብ ነኝ። የመኪና ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ፖሊሶች ዘው ብለው ገቡ፣ ከሻ ነው፣ አፈሳ። ዳምጤን ወረቀት ጠየቁት። እሱም ያለ ምንም ድንጋጤ ቀና ብሎ፣ «ወረቀቴን ጣልልኝ» አለኝ።

አንድ እጄን ከብረቱ ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፣ ኪሴ ደረቴ ላይ ነው፣ አንድ ስንዝር አይርቅም። እጄ እምቢ አለኝ። እመኑኝ፣ አልፈልግም ብዬ አይደለም፣ እጄ የእኔ መሆኑን አቆመ። አፌን ልከፍት ስሞክር ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ዳምጤ ደግሞ ጠራኝ፣ በስሜ። ፖሊሱም «ያ ዞል፣ ኢንዚል»፣ አንተ ሰው ውረድ፣ አለኝ፣ እኔ አፍንጫዬ ሥር ያለውን ነጭ ቀለም እያየሁ ደርቄ ቀረሁ። ጠበቁ፣ ሳቁብኝ፣ ከዚያ ሰለቻቸውና እሱን ይዘው ወጡ። መኪናው ሲንቀሳቀስ የመኪናው ብረት ላይ ሁለቴ ሲንኳኳ ሰማሁ። እስፓቱላው እጁ ላይ ነበር ማለት ነው።

ዓም ኢድሪስ ተመልሶ መሰላሉን ይዞ እስኪያወርደኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

አሁን ደግሞ ከዚያ የከፋውን ልንገራችሁ። ማታ ሙዓዝ ሲመጣ ፈራሁ ለማለት አፈርኩ። ወረቀቱን ጥዬለት ነበር፣ ነፋስ ወሰደው፣ አልኩት። ሙዓዝ ዛሬ እኮ ነፋስ አልነበረም አለ፣ ግን አልተከራከረኝም። ጣቢያ ድረስ ሄዶ ፖሊሶቹን ለመናቸው፣ እነሱም ቢጣጋው በሦስት ቀን ውስጥ ካልመጣ ሰውዬው ወደ ጠረፍ ይላካል አሉት። ይህን ሲነግረኝ ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ብሰጠው እሱ የሱዳን ዜጋ ነው፣ ማንም አይነካውም፣ በአንድ ሰዓት አስፈትቶት ይመጣ ነበር። ግን ነፋስ ወሰደው ብያለሁ፣ እንዴት አድርጌ ላውጣው?

በማግስቱ እኔው ራሴ ላደርስ ተነሳሁና ጣቢያው ጥግ ደርሼ ተመለስኩ፣ እንደ እኔ ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ይዞ የገባ አይወጣም ብዬ። ነገ አልኩ። ሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ፣ የቤቱ ባለቤት ልጁን ሊድር ስለሆነ ሙዓዝን አስጨንቆታል፣ እስከ አስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ሠርቼ ከዚያ በቀጥታ እሄዳለሁ፣ የመጣው ይምጣ፣ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ዓም ኢድሪስ መሰላሉን ይዞልኝ ወጣሁ፣ የሶላት ጥሪ ሲሰማ ግን ትቶኝ ክፍሉ ሊሰግድ ሄደ።

ያኔ ነው ሐቡቡ የመጣው። የካርቱምን የአቧራ ማዕበል ያላየ ሰው አይገባውም፣ ከደቡብ ቀይ ግድግዳ እየተንከባለለ ይመጣና ቀኑን ያጨልመዋል። ከጎኔ ያለው መስኮት ጠፋ፣ እጄ ጠፋ፣ አፌ በአሸዋ ሞላ። መሰላሉ ግድግዳውን እየለቀቀ ይመታው ጀመር፣ ይሄኔ ዓይኔን ጨፍኜ እናቴን ጠራሁ።

ከዚያ መሰላሉ ቀጥ አለ።

ነፋሱ አልቆመም፣ እንዲያውም ባሰበት፣ መሰላሉ ብቻ ነው የቆመው፣ ከታች ሁለት እጅ እንደያዘው። ወዲያው በእግሬ በኩል ብረቱ ውስጥ ኳ ኳ ሲል ተሰማኝ። በጆሮዬ ነው ወይስ በእግሬ የሰማሁት ብትሉኝ አላውቅም። ተፈታ! አልኩ፣ ደስታዬ ሊገድለኝ ነበር። ዳምጤ፣ አንተ ነህ ወይ ብዬ ጮህኩ፣ ኳ ኳ። ይቅር በለኝ አልኩ፣ ለዚህኛው ምንም አልመለሰም። ትንሽ ቆየና ያው የዳምጤ ድምፅ፣ ሳይጮህ፣ አጠገቤ እንዳለ ሰው፣ «ወረቀቴን ጣልልኝ» አለኝ።

እጄን ለቀቅኩ። ሙት ብዬ እምላለሁ፣ ሦስት ፎቅ ላይ፣ በዚያ ነፋስ፣ እጄን ከብረቱ አነሳሁ፣ ላስቲኩን ከኪሴ አውጥቼ ወደ ታች ጣልኩት። ሲወድቅ አልሰማሁም። ከዚያ አንድ እግሬን ዝቅ ሳደርግ አንድ ጊዜ ይንኳኳል፣ ሌላውን ዝቅ ሳደርግ ደግሞ ይንኳኳል፣ እንዲህ እየተቆጠረልኝ መሬት ረገጥኩ። እጄን ዘርግቼ ልይዘው ስል ማንም የለም።

ዓም ኢድሪስን ከጠባቂ ክፍሉ ጎትቼ አወጣሁት፣ ዳምጤ ወዴት ሄደ አልኩት። እሱም ግራ ገብቶት አየኝና፣ ነፋሱ ሲጀምር በሩን በገዛ እጄ ቀርቅሬዋለሁ፣ ሰው አልገባም፣ አለኝ። ሄጄ አየሁት፣ መቀርቀሪያው እንዳለ ነው። አቧራው ጋብ ሲል ግቢውን በእጅና በጉልበቴ ዳሰስኩት፣ አበባው ሥር፣ ቱቦው ውስጥ፣ አጥሩ ላይ፣ ላስቲኩ የለም።

ማታ ሙዓዝ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩለት፣ ከመጀመሪያው ቀን ውሸት ጀምሬ። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ለምን እኔ አልሰጠህም? አንተ ፈራ፣ ማዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ ሁሉ ሰው ፈራ። እኔ ግን አልፈራም፣ እኔ ይዞ ይሄድ ነበር» አለኝ። ያ ስብርብር አማርኛ ከየትኛውም ስድብ በላይ ገባኝ።

አብረን ጣቢያ ሄድን፣ ያን ቀን ስለ እኔ ወረቀት ማሰብም ተውኩ። መዝገብ ያዡ ገጹን ገልብጦ በጣቱ አሳየን። ኸላስ፣ አለቀ፣ ሰውዬው ወጥቷል፣ ዛሬ አስር ሰዓት ግድም፣ አቧራው ላይ፣ ቢጣጋው መጥቶለት። ማን አመጣው ስንለው ትከሻውን ሰበቀ፣ አንድ ሐበሺ ነው፣ ሁሉም ሰው አቧራ ለብሶ ነበር፣ እንዴት ብዬ ልለየው አለ።

እየሮጥኩ ወደ ሳጃና ተመለስኩ። የዳምጤ አልጋ እንደተነጠፈ ነው፣ የክት ጫማው ሥሩ አለ። ያን ማታ አልመጣም፣ በሳምንቱም አልመጣም፣ ስልኩ ዝግ ነው። እህቱ ጋ አገር ቤት ደወልኩ፣ እሷም ወሬውን አልሰማችም። ሙዓዝ እንደሚለው መዝገብ ላይ የሚጻፍ ሁሉ እውነት አይደለም፣ ጠረፍ ልከውት ይሆናል፣ ወጣ ብለው የጻፉት ነገሩን ለመዝጋት ነው። ሊሆን ይችላል። ኋላ ጦርነቱ መጥቶ ሁላችን ስንበታተን በመተማ ስገባ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ፣ አየሁት የሚል ጠፋ።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ወጥቶ ከሆነ፣ ጫማውን እንኳ ሳይፈልግ የሄደው የእኔን ፊት ላለማየት ነው። አልወጣም ካላችሁ ደግሞ ሊያድነው የሚችለውን አንድ ወረቀት በሦስተኛው ቀን ለነፋስ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ውሸቴ በአፌ እንደተናገርኩት ሆነ ማለት ነው። በየትኛውም በኩል ብሄድ እኔ ጋ ነው የሚመጣው።

አሁን ጎንደር ነኝ፣ ያው ቀለም ሥራ ላይ። መሰላል አልወጣም፣ እፈራለሁ ብዬ በግልጽ እናገራለሁ፣ የሳቀም ይሳቅ። ከታች የምይዘው እኔ ነኝ፣ በእስፓቱላ ሁለቴ አንኳኳለሁ። ባለፈው ሳምንት ላይ ያለው ቀቢ ሲወርድ፣ ሁለቴ ካንኳኳህ ይበቃል፣ ሰምቼሃለሁ፣ ለምን ወዲያው ሌላ ሁለት ትጨምራለህ አለኝ። እኔ ከሁለት በላይ አንኳኩቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ካንኳኳሁ በኋላ ጆሮዬን መሰላሉ ላይ ለጥፌ አደምጣለሁ።

እናንተ ብዙ ቦታ ትሄዳላችሁ። ጉልበቱን የሚያመው፣ ዝምተኛ፣ መሰላል የሚይዝ የአርማጭሆ ሰው ካገኛችሁ ወረቀትህን ጣልኩልህ ብሏል በሉልኝ። መዘግየቴን አውቃለሁ። ግን እጄን ለቅቄ ነው የጣልኩት፣ ይህን ንገሩልኝ።