ያልታጠበው መተንፈሻ

ናሽዋ የጠላቂ መተንፈሻውን ከአፏ አስፈንጥራ አወጣችና «እትፍ! እትፍ!» እያለች ወደ በሩ ሮጠች። ምላሷ ላይ አንድ ቀጭን፣ ሻካራ ነገር ተጣብቋል። በጣቷ ለቅማ አየችው። የበረሮ እግር ነው።

«ኤጭ! እርይ! ዚያን፣ ምን ጉድ ነው ያጎረስከኝ?»

ዚያን የክፍሏ ልጅ ነው። ከትምህርት በኋላ የአባቱን የጠላቂዎች ዕቃ መሸጫ ይጠብቃል። ከደቂቃ በፊት «ወላሂ አዲስ ነው! የማንም አፍ አልነካውም!» ብሎ ሲምል የነበረው እሱ ነው።

«ቀስ በይ፣ አባትሽ ይሰማሉ» አለ እየተቁለጨለጨ። «እሺ፣ ስናከራየው የነበረ ነው። ግን ዋናው እምቢ ሲል ለአደጋ ጊዜ ተብሎ ይንጠለጠላል እንጂ ማንም አልተነፈሰበትም። ያልተነካ ዕቃ ምን ይቆሽሻል? የሚነከሰውን ጎማ ቀየርኩ፣ ላዩን በኮምጣጤ ወለወልኩት…»

«ውስጡንስ? በረሮ ቤት ሠርቶበታል እኮ!»

ከበረሮው ይልቅ የዚያን ፊት አስጠላት። አባቷ ዋሂድ ነገ ሠላሳ ሜትር ወርዶ የሰጠመ መልሕቅ ሊያወጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ከታች ዋናው መተንፈሻ እምቢ ብሎት የአደጋ ጊዜውን ቢነክስ፣ ከአየሩ ጋር ጨው ውኃ አጠጣው። ዓይኑ ደም መስሎ ነበር የወጣው። ከዚያ ወዲህ «ፋብሪካው ነው ጉድ የሠራኝ» እያለ ይራገማል። ዛሬ የመጡት መረብ የማይዘው፣ ብብት ሥር የሚገባ ትንሽ የአደጋ ጊዜ መተንፈሻ ሊመርጡ ነው። አባቷ ውጭ ከጀልባ ነጂው ጋር ወሬ ይዟል። ምርጫውን ለእሷ ትቶላታል።

«አንተ ግን ሰው ነህ? እዚያ ታች ሆኖ ቢያንቀውስ?»

ዚያን ቀላ። «እስቲ የናንተን እንየው!» አለና ለልክ ያመጣችውን አሮጌውን መተንፈሻ ከቦርሳዋ መንጭቆ ክዳኑን ፈታው።

ሱቁ በበሰበሰ ዓሣ ሽታ ተሞላ። ውስጡ ያለው ስስ ጎማ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል፣ ጠርዙ በጨው ቅርፊት ተበልቷል። ናሽዋ አፍንጫዋን ያዘች።

«ማነው የሚያጥበው?» አለ ዚያን።

ማታ ማታ የአባቷን ዕቃ የምታጥበው እሷ ናት። ጋኑ ውስጥ ያለው የዝናብ ውኃ የሚጠጣ ነው፣ ስለዚህ ትቆጥባለች። አባቷ የነከሰውን ታለቀልቃለች። የአደጋ ጊዜውን ግን «አልተነካም» ብላ ወደ ሚስማሩ ትመልሰዋለች። እሱም እኮ አብሮ ባሕር ገብቶ ነው የሚወጣው! አባቷ የነከሰው ይህን ነበር። አሁን የሚያቅለሸልሻት የገዛ እጇ ሆነ።

«ስሚ» አለ ዚያን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደህናውን አወጣልሻለሁ። አንቺ የኔን ለአባቴ አትንገሪ፣ እኔም ያንቺን አልናገርም። ሆድ ይፍጀው።»

ከመደርደሪያው ሥር ያልተከፈተ ካርቶን አወጣ። ከመጀመሪያው ትንሽ ይወፍራል፣ ብብት ሥር ግን ይገባል። ናሽዋ አሁንም እያስጠላት ነከሰችው። ቱቦውን በመዳፏ ደፍና ሳበች፤ ምንም አየር አልሾለከም። ጎማ ጎማ ብቻ ይላል።

አባቷ ገባ። «እሺ የኔ ልጅ፣ አገኘሽ? ያ የፋብሪካ ጉድ እንዳይደገም ብቻ!»

«ይሄኛው ይሻላል» አለች አዲሱን እያቀበለችው።

ዚያን በእፎይታ ተነፈሰና የአሮጌውን ክዳን ሊገጥም እጁን ሰደደ። ናሽዋ ቀደመችው። የተከፈተውን መተንፈሻ ከነሽታው በባንኮኒው ላይ ወደ አባቷ ገፋችው፤ አጠገቡም የበረሮውን እግርና እግሩ የወጣበትን መተንፈሻ አስቀመጠች።

«ፋብሪካው አይደለም፣ አባ» አለች።