ሦስቱ ቢጫ ዳዶዎች

በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን መጀመሪያ ያዝልኝ። ጠንቋይ ቤት በሕይወቴ የገባሁት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ጆንያ ልሸጥለት፣ ሰውዬው ግማሽ ቀን ዋጋ ተከራከረኝ፣ የት ላይ እንደምስማማ አስቀድሞ ካላወቀ ምኑን አወቀ ብዬ ወጣሁ። ሥራዬ አሮጌ ጆንያ ነው፣ ከየፋብሪካውና ከየወፍጮ ቤቱ ሰብስቤ፣ አራግፌ፣ ጠጋግኜ፣ አቃቂ በሰቃ ካለው መጋዘን ሳሪስ አቦ ድረስ እየወሰድኩ እሸጣለሁ። ሰው እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲያወራ ሌሊት ነበር፣ ጨለማ ነበር ይላል፣ የኔ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ እሑድ ጠዋት፣ ትራፊክ ፖሊስ ማዶ ቆሞ እያየኝ።

ሽመልስን ላስተዋውቅህ። መጋዘኑን አብረን የተከራየን ጓደኛዬ ነው፣ እሱ እህል ይነግዳል፣ እኔ የእህሉን ልብስ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ነጭ ፒክአፕ አለን፣ ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ያድራሉ፣ ዕቃችን እየተቀላቀለ ሲያስቸግረን ሽመልስ የራሱን ሁሉ ቢጫ ቀለም መቀባት ጀመረ፣ ክሪኩን፣ መፍቻውን፣ የጎማ ዳዶውን ሳይቀር። ዳዶ የምልህ ጎማውን ቡሎኑ ላይ አጥብቆ የሚይዘውን ብረት ነው፣ በኛ መኪና ለአንድ ጎማ ስድስት ስድስት ነው። “ሰናይትንም ቀብተሃት እንደሆን እስቲ ልያት” እለዋለሁ ስለ ሚስቱ፣ “ቢጫ አይሄድባትም” ይለኛል። እንዲህ ነበርን።

ያን እሑድ እሱ ሰናይትንና ሁለት ሴት ልጆቹን ጭኖ ለክርስትና ወደ ደብረ ዘይት ሊሄድ፣ እኔ ጆንያ ይዤ ወደ ሳሪስ፣ ከግቢው አንድ ላይ ወጣን። ልጆቹ ከኋላ ወንበር በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙልኝ፣ እሱ ወደ ቱሉ ዲምቱ ታጠፈ፣ እኔ ወደ ከተማ።

እኔ ደግሞ ዋዜማውን የግራ የኋላ ጎማዬን ጎሚስታ አስለጥፌ ነበር። ልጁ ዳዶዎቹን በእጁ አስገብቶ ሊያጠብቅ ሲል ስልክ ተደወለለት፣ እየተጨቃጨቀ ሄደ፣ እየተጨቃጨቀ ተመለሰ፣ ክሪኩን አወረደና “ጨርሰናል” አለኝ። ያልጨረሰ መሆኑን ያወቅኩት ቃሊቲ መናኸሪያን ሳልፍ ነው፣ ከኋላ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ቀጥሎ መኪናው ወገቡን እንዳመመው ሰው ይወዛወዝ ጀመር። ዳር ይዤ ወረድኩ። ከስድስቱ ሦስቱ የሉም፣ የቀሩት ሦስቱ በጣት የሚዞሩ ናቸው።

መላው ቀላል ነው፣ ሾፌር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍኩ፣ ከቀሩት ሦስት ጎማዎች አንድ አንድ ዳዶ ፈታሁ፣ በክሪክ አንስቼ የጎደለውን ሞላሁ። መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ፣ አንዱን ስታጠብቅ ቀጥሎ ከሱ ትይዩ ያለውን ነው፣ ዙሪያውን ተራ በተራ ከሄድክ ጎማው ተንጋዶ ይቀመጥብሃል። ከዚያ አወረድኩትና በእግሬ እየረገጥኩ ደገምኩት። እመነኝ፣ እዚህ ላይ ነው የጀመረው፣ እኔ መፍቻውን ስረግጥ ቂጭ ይላል፣ እግሬን ሳነሳ ደግሞ ሌላ ቂጭ ከወዲያ በኩል ይሰማል፣ ከኔ ትንሽ ዘግየት ብሎ። ዳር የቆሙት ከባድ መኪኖች ጎን ድምፄን እየመለሰው ነው አልኩ። ሥራዬን ጨርሼ መፍቻውን ከወንበር ሥር ከከተትኩ በኋላም አንድ ጊዜ፣ ቂጭ። ዞሬ አየሁ፣ ማንም የለም፣ ትራፊኩ እንኳን ሰልችቶት ፊቱን አዙሯል። አልደነገጥኩም። ቀኑን ሙሉ ያልደነገጥኩት ነገር ነው አሁን ቁጭ ስል የሚከብደኝ።

በቀስታ እየነዳሁ ሳሪስ አቦ መለዋወጫ የምትሸጥ ደንበኛዬ ጋ ቆምኩና ሦስት ዳዶ አልኳት።

“የትኛው ጎማ ላይ ነው ጋሼ?”

“ሦስቱም ላይ አንድ አንድ ጎድሏል።”

ዞር ዞር ብላ አይታ መጣች። “ሙሉ ነው እኮ።”

“የት ነው ሙሉ?”

“ጋሼ፣ ምንም ሳይጎድልባቸው የሚመጡ ደንበኞች ከበዙብኝ እኔም ሱቄን ልዝጋው በቃ።”

ሄጄ አየሁ። በገዛ እጄ ፈትቼ ባዶ በተውኳቸው ሦስት ቡሎኖች ላይ ሦስት ቢጫ ዳዶዎች አሉ፣ የሽመልስ ቢጫ፣ ከመጋዘኑ የኋላ በር የተረፈች ቀለም ናት፣ የትም አውቃታለሁ። አንዱን ነካሁት። ያቃጥላል። አጠገቡ ያሉት የራሴ ዳዶዎች ለብ ያሉ ናቸው፣ ይሄ ግን በፈጣን መንገድ ሲሮጥ እንደቆየ ጎማ ነው የሚያቃጥለው። ልጅቷም ነካችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ስልኬን አውጥቼ ለሽመልስ ደወልኩ። ያነሳችው ሰናይት ናት፣ “እየነዳ ነው፣ ድምፁን ከፍ ላድርግልህ” አለች።

“አቤት ጆንያው” አለ ሽመልስ።

“መኪናውን አቁም።”

“ለምን?”

“አቁምና የግራ የኋላ ጎማህን እይ።”

“በጠዋት ጀመርክ እንዴ አንተ ሰው? ካቲካላው አልበረደልህም?”

“ሽመልስ፣ ልጆቹ ኋላ ናቸው፣ አቁም።”

የመኪናው ድምፅ ዝቅ አለ፣ በር ተከፈተ፣ ትንሿ ልጅ “አባባ ደረስን?” ስትል ሰማሁ። ከዚያ ለረዥም ጊዜ የነፋስ ድምፅ ብቻ። ሲመለስ ሌላ ሰው ይመስላል።

“ሦስት ብቻ ነው ያለው” አለ። “ግማሽ ድረስ ወጥተዋል። ትናንት ማታ እኔው ነኝ ያጠበቅኳቸው። አንተ እንዴት አወቅክ?”

እስቲ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? እውነቱን ነገርኩት፣ ስናገረው ለራሴ ጆሮ እንኳን ውሸት ውሸት አለኝ።

አመሻሽ ላይ የራሱን መፍቻ ይዞ ግቢ መጣ፣ ሰላም ሳይለኝ ከኔ ጎማዎች ላይ ቢጫዎቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ ኪሱ ከተተ። ሊወጣ ሲል ብቻ ዞር ብሎ “ከልጆቼ ጎማ ላይ ትፈታለህ?” አለኝ። በማግስቱ እህሉን ጭኖ ከመጋዘኑ ወጣ፣ መኪናውንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ደጅ ማቆም ጀመረ። የስንት ዓመት ጓደኛ እንደዛ ሲሄድ ሰው ያለቅሳል ወይ ይሳደባል ይባላል፣ እኔ ጆንያ እያጠፍኩ ነበር፣ ማጠፌን ቀጠልኩ። ሦስት አዲስ ዳዶ ገዝቼ አስገባሁ፣ አጠበቅኩ፣ ትንሽ ነድቼ ደግሜ አጠበቅኩ፣ እንደዛ ነው ደንቡ።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ግቢውን ስከፍት አዲሶቹ ሦስት ዳዶዎች የሉም፣ በቦታቸው ሦስት የዛጉ አሮጌዎች ገብተዋል፣ ጫፋቸው ላይ የአረንጓዴ ቀለም ርዝራዥ አለ። መኪናው ሌሊቱን አልተነሳም፣ ጎማዎቹ በጤዛ ርሰዋል። ዳዶዎቹ ግን ይሞቃሉ።

ሽመልስ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ተንበርክኮ ጎማውን እየፈተሸ ነው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይፈትሽ አይወጣም አሉ።

“ደግሞ ምን ቀረህ?” አለኝ ሳይነሳ።

“ያንተ ሙሉ ነው?”

“ሙሉ ነው።”

“እንግዲያው መጥተህ አንድ ነገር እይልኝ።”

ለምን እንደተከተለኝ አላውቅም፣ ምናልባት መልኬን አይቶ ይሆናል። ግቢው ገብቶ አረንጓዴው ዳዶ ላይ መዳፉን አደረገ፣ ወዲያው አነሳው። ደግሞ አደረገ።

“እየጨመረ ነው” አለ።

“አዎ።”

“የማን ነው?”

“አላውቅም።”

“ደውልለታ” አለ፣ ብሎም ምን እንዳለ ገባው። ያኔ የሽመልስ ስልክ ነበረኝ፣ የዚህኛውን ሰውዬ ግን ማን እንደሆነ እንኳን አላውቅም። አረንጓዴ የሚቀባ ሰው በዚህ አገር ስንት ነው፣ የት ነው የሚሄደው፣ ከኋላው ማንን ጭኗል?

“ብንፈታውስ?” አለኝ።

“ብንፈታው እሱ ጋ ይመለሳል?”

የጆንያ ክምር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እየተነሳን በየተራ እንነካዋለን፣ አንዴ እሱ አንዴ እኔ፣ መጨረሻ ላይ በጣት ጫፍ ካልሆነ የማይነካ ሆነ። ፀሐይዋ ገና አጥሩን አልዘለለችም። ከዚያ የሱ ተራ ሆኖ ነካውና እጁን ሳያነሳ ቆየ።

“ቀዝቅዟል” አለ።

ሄጄ ነካሁት። ደርሶ እንደቆመ ጎማ ቀስ በቀስ አይደለም የቀዘቀዘው፣ በአንዴ ነው፣ እንደ ድንጋይ ሆኗል።

“ደርሶ ነው” አለ ሽመልስ።

“ደርሶ ነው” አልኩት፣ ተመልሰን ጆንያው ላይ ተቀመጥን፣ እስኪመሽ ድረስ ማናችንም አልተነሳንም።