ቤልቴን ላይ የተለቀቀች እጅ

ሞርዌና ጆሪን መጀመሪያ ያየችው ቤልቴን በተባለው የፀደይ በዓል ላይ፣ ፊቱን አረንጓዴ ተቀብቶ፣ እስከ ወገቡ ቅጠል ለብሶ ነው። ሳቋ አመለጣት።

«ሳቂ፣ ሳቂ! ግን መጀመሪያ ጢሜ ውስጥ የገባውን ጉንዳን አውጪልኝ።»

አወጣችለት። ፍቅራቸው በዚሁ ተጀመረ።

በዓመቱ፣ ከክርስትና በፊት የነበረውን የጥንቱን እምነት የሚያከብሩት ሰዎች በእንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ውስጥ ባለ ኮረብታ ላይ የቤልቴንን እሳት አነደዱ። በእነሱ ዘንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ እሳቱን የዘለለ ጥንድ ቃል ተገባባ ማለት ነው። እጅ ከተላቀቀ ግን ቃሉም ፈረሰ። ሞርዌና የአበባ ጉንጉን ደፍታ ከጆሪ ጋር ተንደረደረች። እሳቱ ጋ ሲደርሱ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ውሻቸውን ይዘው በመንገዱ ሲያልፉ አየች። እጇን መንጭቃ ፊቷን ሸፈነች። ጆሪ ብቻውን ዘለለ!

ሞርዌና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«በእኔ አፈርሽ?» አላት።

«ጆሪ... እሳቸው ሲያዩኝ ጊዜ...»

«እኔንም እኮ ሰው እያየኝ ነው!» ብሎ ጥሏት ሄደ።

ሰኞ ርዕሰ መምህርቷ፣ «ጉንጉኑ እንዴት አምሮብሽ ነበር!» አሏት። ያን ጊዜ ይባስ አፈረች።

ጆሪ ስልክ አላነሳ አለ። እንደ ቤልቴን እሳት የሚዘለልበት የሰኔ በዓል ሲቃረብ አላስችል ብሏት ቤቱ ሄደች። በሩን የከፈቱት እናቱ ሎቭዴይ ናቸው፤ ከጸሎት ቤት የማይቀሩ፣ ኮስተር ያሉ ሴት።

«ጆሪን ይቅርታ ልጠይቀው ነው የመጣሁት። የቤልቴን ዕለት እሳቱ ላይ...»

ጆሪ ከእናቱ ጀርባ ብቅ ብሎ «ዝም በይ» እያለ በእጁ ይማጸናታል።

«የምን እሳት?» አሉ ሎቭዴይ። «እሱ ያን ዕለት ራግቢ ሊጫወት ነው የሄደው።»

እሷን የተቆጣት ጀግና ለካ እናቱን እየዋሸ ነው የኖረው!

«ራግቢ?» አለችው።

«እማዬ... እኔ...»

«ተወው እባክህ! በአረንጓዴ ቀለም አንሶላዬን ስትጨርስ ራግቢ ነው ብዬ የማምን መሰለህ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «በእኔ አፍረህ ነው ብዬ ነበር። ይቺን አሮጊት ጓደኞቼ እንዳያዩብኝ ብለህ...»

ጆሪ እጃቸውን ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ቀና ሳይል ለሞርዌና፣ «አንቺን የምቆጣበት አፍ አልነበረኝም» አላት።

«እኔስ አንተን የማይበት ምን ዓይን አለኝ?»

«በሉ፣ ሁለታችሁም አፍራችሁ ከጨረሳችሁ እኔ የምጋበዘው መቼ ነው?» አሉ ሎቭዴይ።

በሰኔው በዓል ኮረብታው ላይ ለሎቭዴይ ወንበር ተሰጣቸው። የእሁድ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በሆዳቸው እየጸለዩ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እሳቱን ሲዘሉ አዩ። ቅጠል የለበሱት ሁሉ አጨበጨቡ።

«እኚህ ባለ ባርኔጣ ደግሞ ማን ናቸው?» አለች አንዷ።

ጆሪ የሞርዌናን እጅ እንደያዘ፣ ከእሳቱ ማዶ፣ አገሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ፦

«እናቴ ናት!»