የመምህር አስረስ አራቱ ማሰቦች

«ክፍሉን ላየው ነበር የመጣሁት» አለች ሴትዮዋ፣ ጥላዋን በር ላይ እያራገፈች።

ዘይባ ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻት። ጭቃ የነካው ጫማ፣ ትንሽ ሻንጣ፣ የደከመው ፊት፤ ከአውቶብስ የወረደች ተከራይ ነች።

«እህቴ፣ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ሰው ሞቶበታል። ደግሞም አሁን ስለ ኪራይ የማወራበት ልብ የለኝም፤ ልጄ ታስሯል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሽ ነው ልትከራይ የመጣሽው? ድፍረትሽ!»

«አልከራይም እትዬ። ኢንስፔክተር ናዝራዊት እባላለሁ። ከወልቂጤ ተልኬ ነው።»

ዘይባ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። መርማሪን ከተከራይ ጋር ማምታታት በሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤቱን ሳምንት ያስቅ ነበር። ቡታጅራ ደግሞ ለመሳቅ ምክንያት አታጣም። በዚያ ግቢ ግን ሳቅ የሚባል ነገር ደጁን ካለፈ ሰንብቷል።

የሞተው መምህር አስረስ ነው። ከጎጃም መጥቶ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ፣ ከዘይባ ቤት አንዷን ክፍል ይዞ ያረጀ ወንደላጤ። እሑድ ማለዳ አልጋው ላይ አልነቃ ብሎ ሲገኝ የከሰል ምድጃው አጠገቡ ነበር፤ በሩም መስኮቱም ጥርቅም ብሏል። ከሰሉን እንደ ወትሮው በረንዳ ላይ ያቀጣጠለለት የዘይባ አንድያ ልጅ ሙሀይሚን ነው። ወትሮ ጭሱ እስኪያልቅ እዚያው ይቆይና ፍሙን መምህሩ ራሱ ያስገባዋል። ያን ምሽት ግን አንድ ሰው ገና በጥሬው አስገብቶታል። ሙሀይሚን ደግሞ በዚያው ሰሞን «የጣልከኝ አንተ ነህ!» ብሎ በፈተና ምክንያት ሰፈር እስኪሰማ ጮኾበት ነበር። ፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ወሰደው። ነገ በነፍስ ግድያ ክስ ሊመሠረትበት ነው። ዘይባ ከዚያ ወዲህ እህል የቀመሰችው ጎረቤት አፏ ላይ ሲያደርግላት ብቻ ነው።

ናዝራዊት ክፍሉን አየች። አልጋው መስኮቱ ሥር፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው ከበሩ ወዲያ። ግድግዳው ላይ መምህሩ በራሱ እጅ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ጽፎ ለጥፏል። ከዚያ ቀና አለች። ከመደርደሪያው በላይ፣ ከጣራው ማገር ላይ፣ በቢላ የተቆረጠ የቃጫ ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ይህስ?»

«እኔ ምን አውቄ! የድሮ ይሆናል» አለች ዘይባ። ውሸት አይሆንላትም፤ ጆሮዋ ቀላ። ለምን እንደዋሸች ለራሷ መንገር እንኳ ታፍር ነበር።

ናዝራዊት ገመዱን አይታ፣ ጆሮዋን አይታ፣ ወደ በረንዳው ወጣች።

ማታ ማታ መምህሩ ጋ እየመጡ እንግሊዝኛ የሚማሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የበርበሬ ነጋዴው ሙባሪክና መድኃኒት ቤት ያላት ፈቲሀ። ሦስተኛው በቅርቡ ከጎጃም የመጣው ባልደረባው መምህር አምሀ ነው፤ ካገሩ ልጅ ጋር ሊያወጋ ይመጣና «ላግዝህ» እያለ ይቀመጣል። ሦስቱም በዚያ ቅዳሜ ግቢውን አልረገጥንም ብለዋል። ናዝራዊት አንድ በአንድ በረንዳው ላይ አነጋገረቻቸው፤ ዘይባ ውሃ እያቀረበች ከበሩ አልራቀችም።

«እነዚያ ቃላት ምንድን ናቸው፣ አቶ ሙባሪክ?»

«የማሰብ ዓይነቶች። እኛ ‹አሰብኩ› ብለን እንገላገላለን፤ ፈረንጆቹ ግን ይከፋፍሉታል። ‹ኢማጂን› ነገሩን በዓይነ ሕሊና ማየት ነው። ‹ሰፖዝ› ሥዕሉ ሳይታይሽ መገመት። ‹ኮንሲቭ› ሐሳቡን ገና መጠንሰስ። ‹ዲቫይዝ› ደግሞ ማድረጊያውን ዘዴ ማበጀት።»

«እርስዎ የትኛው ይሆንልዎታል?»

«በርበሬ ነጋዴ እኮ ነኝ። ‹ሰፖዝ› ብቻ!»

«እስቲ ለኔ ሲሉ ‹ኢማጂን› ያድርጉ። ያን ምሽት ክፍሉ ምን ይመስል ነበር?»

ሙባሪክ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «አልጋው… ያው መስኮቱ ሥር። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል። ወላሂ ከዚህ በላይ አይመጣልኝም።»

ፈቲሀ ስታወራ እንባዋ ቀደማት። «እኔም መስኮቱ ሥር ነው የሚታየኝ፤ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ። ጉንፋን ይዞት ቅዳሜ ቀን የሚያስተኛ ሽሮፕ ከኔ ወስዷል። ‹ሰኞ ወልቂጤ ሄጄ የፈተና መልስ የሚያሾልከውን ሰው አሳውቃለሁ› አለኝ።»

«ማን መሆኑን ነገረሽ?»

«‹ወዳጄ መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ› አለኝ እንጂ ስሙን አልጠራም።»

መምህር አምሀ ሲጠየቅ ደስ አለው። «ይሄማ ሙያዬ ነው» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። «ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አልጋው በሩ አጠገብ፤ አስረስ ፊቱን ወደ መጻሕፍቱ አዙሮ ያንኮራፋል። ከመደርደሪያው በላይ በታሰረችው የሙዝ ቅጠል ላይ ውሃው ኮለል ይልና ባልዲው ውስጥ ጠብ… ጠብ…»

«ግሩም ነው። ቅዳሜ ግን አልመጡም?»

«ከሐሙስ ወዲህ እሑድ ከሰዓት ለለቅሶ ነው የመጣሁት።»

ዘይባ የያዘችው ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ማንም ልብ አላላትም፤ ከናዝራዊት በስተቀር።

አምሀ እንደወጣ ዘይባ የመርማሪዋን እጅ ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተቻት። እንሰቱ ሥር ስትደርስ እግሯ ላይ ተደፋች።

«ልጄ፣ ዋሽቻለሁ። ‹ምንም አልነካሁም› ብዬ ለፖሊስ ምያለሁ። አሁን እኔንም እሰሩኝ።»

«ምን ነክተዋል?»

«ቅዳሜ ወደ ማታ ጣራው አፈሰሰ። አልጋውን ወደ በሩ አዛወርን። ሙሀይሚን ከዚህ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ፣ መጻሕፍቱ እንዳይርሱ ከመደርደሪያው በላይ በቃጫ አሰረው፤ ውሃው ወደ ባልዲ እንዲወርድ። በማለዳ ጎረቤትና ልጄ መምህሩን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲያከንፉት፣ እኔ… ለቀስተኛ ሊመጣ ነው፤ ሰው ‹በሚያፈስ ቤት ሰው አስተኝታ› ሊለኝ ነው ብዬ… ቅጠሉን ለላሟ ጣልኩት። ባልዲውን ደፋሁ። አልጋውን መለስኩ። ፖሊስ ሲመጣ ሁሉም ተጠርጎ ነበር። ልጄን ስለ ከሰሉ እንጂ ስለ ቅጠሉ የጠየቀው የለም። እኔ ነኝ ልጄን የቀበርኩት!»

ናዝራዊት አጎንብሳ አነሳቻት። «ገና አልቀበሩትም። አንድ ቅጠል ይቁረጡልኝ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ሁሉም በመምህሩ ክፍል ተሰበሰቡ፤ ደጁን አንድ ፖሊስ ይጠብቃል። ናዝራዊት ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አቶ ሙባሪክ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«እንሰት ነዋ! ምን ጥያቄ ነው?»

«ቅዳሜ ምሽት ከመደርደሪያው በላይ ታስሮ ነበር። አልጋውም በሩ አጠገብ ነበር። እሑድ ማለዳ እትዬ ዘይባ ሁሉንም ወደ ቦታው መለሱት። አቶ ሙባሪክና ፈቲሀ ሁልጊዜ የሚያውቁትን ክፍል ሣሉልኝ፤ ተሳሳቱም። ያላየ ሰው እንዲህ ነው የሚሳሳተው። መምህር አምሀ፣ እርስዎ ግን አልተሳሳቱም።»

አምሀ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «‹ኢማጂን› አድርግ አልሽኝ፤ አደረግኩ። ወንጀል ነው?»

«ሰው በሐሳቡ የሚሥለው ከሚያውቀው ቀንሶና ጨምሮ ነው። ከመጽሐፍ መደርደሪያ በላይ ቅጠል አስሮ ባልዲ ከሥሩ የሚያስቀምጥ ሐሳብ ግን ካላየ ሰው አይወጣም። እርስዎ ያስታወሱትን ነበር የነገሩኝ።»

«ሰው ነግሮኝ ይሆናል! አልጋውን ያዩ ጎረቤቶች አሉ!»

«ይህንንም አስቤበታለሁ። የዚህ አገር ሰው ቢነግርዎ ‹እንሰት› ነበር የሚልዎ። ልጅ አዋቂው ከሙዝ ይለየዋል። ሙዝ ያደረጉት የራስዎ ዓይኖች ናቸው።»

ናዝራዊት ድምጿን ሳታነሳ ቀጠለች።

«የፈተናውን መልስ ያሾለከው ወዳጁ እርስዎ ነዎት። ሐሳቡን የጠነሰሱት አስረስ ሰኞ ወልቂጤ እንደሚሄድ ሲነግርዎ ነው። ዘዴው የመጣልዎ ግን እዚህ ደርሰው፣ በሽሮፑ እንቅልፍ ወስዶት፣ ጥሬው ከሰል በረንዳ ላይ ሲጨስ ሲያገኙት ነው። አስገቡት፤ መስኮቱን ዘጉ፤ በሩን ስበው ወጡ። ያቀጣጠለው ልጅ እንደሚያዝ ያውቁ ነበር።»

አምሀ የአስረስን ወንበር ይዞ ተቀመጠ። «ለመንኩት እኮ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ልጆች አሉኝ ብዬ ለመንኩት። ‹እኔም የማስተምራቸው ልጆች አሉ› አለኝ፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።»

ፖሊሱ ገብቶ ይዞት ወጣ። ሙባሪክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዘይባ በሩ ላይ ተገትራ የናዝራዊትን አፍ አፍ ታያለች።

«ልጄስ?»

«የነገው ክስ ይቀራል። ግን እንዲፈታ የእርስዎ ቃል ያስፈልጋል። ዳኛ ፊት ቆመው ምን እንደነኩ፣ ለምን እንደነኩ ይናገራሉ። በሐሰት ስለ ማሉትም ይጠየቃሉ።»

«እናገራለሁ!» ዘይባ እንባዋ አገጯ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸች። «ገበያ መሀል ቆሜ፣ ጣራዬ ወንፊት ነው፣ ተከራዬን ውሃ ላይ ነው ያስተኛሁት ብዬ ለቡታጅራ ሕዝብ በሙሉ እለፍፋለሁ!»

ናዝራዊት ሻንጣዋን አነሳች።

«ሕዝቡ ይቅርብዎ፣ እትዬ። ዳኛው ይበቃል።»