ከስልሳ አራተኛው ሳጥን በኋላ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። የሰማሁትም በራሴ ጆሮ ነው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሳሎናችን ፀሐይ ገብቶበታል፣ አክስቴ ወጥ ቤት ሳህን ታንኳኳለች...

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአውቶብስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪሞች ማንቁርቱን ቆርጠው አወጡት።

"ከእንግዲህ ድምፅ የሚባል ነገር አይወጣውም" አሉን።

ማልቀስ አይሆንልኝም። የተማርኩት የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነውና ሲ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ማሽን ሠራሁለት። እሱ ይተይባል፣ እሷ ጮክ ብላ ታነብለታለች።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ላስረዳ። ሲ ዓረፍተ ነገርን የሚያስቀምጠው በማሽኗ ሜሞሪ በተደረደሩ ሳጥኖች ውስጥ ነው። የት እንደሚያበቃ ግን አያውቅም። መጨረሻ ላይ ዜሮ ካገኘ ይቆማል።

ካላገኘ... ቀጣዩን ሳጥን ያነባል። ከዚያ ደግሞ ቀጣዩን። የራሱ ይሁን የሌላ ግድ የለውም።

እኔ ስልሳ አራት ሳጥን ሰጠሁት። ከፊደላችን እያንዳንዷ ብቻዋን ሦስት ሳጥን እንደምትይዝ በችኮላ ረስቼው።

ያን ቀን አባዬ ተየበ። ማሽኗ አነበበች።

"ልጄ መረቁ ቀዝቅዟል እንደገና አሙቂልኝ..."

ስልሳ አራቱም ሳጥን ጢም አለ። ለዜሮ የሚሆን ቦታ አልተረፈም።

"...ጠበበኝ።"

አባዬ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። እኔ አልጻፍኩትም ለማለት ራሱን ወዘወዘ።

አክስቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። "ያንቺ ማሽን ደግሞ እንደ ጎረቤታችን ያልጠየቋትን ታወራለች!"

ሳቅኩ። የቀድሞ ጽሑፍ ትራፊ ነው ብዬ ማሽኗን ነቀልኳት። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥባት ሜሞሪዋ ባዶ ይሆናል። መልሼ ሰካሁና ያንኑ ዓረፍተ ነገር በራሴ እጅ ተየብኩ።

"...አሙቂልኝ ጠበበኝ እዚህ ጠበበኝ።"

ጨምሯል።

ላፕቶፔን አገናኝቼ ከስልሳ አራተኛው በኋላ ያሉትን ሳጥኖች ከፈትኩ። የጠበቅኩት ዝብርቅርቅ ያለ ቁጥር ነበር።

ፊደል ነው ያገኘሁት። እስከ ሜሞሪዋ ጥግ ድረስ...

ጠበበኝ ጠበበኝ ጠበበኝ።

አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። "ተይው በቃ" አለች በሹክሹክታ።

"እና አባዬ ዝም ብሎ ይኑር?"

"ጋሼን እይው እስቲ..."

አባዬ ወንበሩን ከማሽኗ አርቆ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ያለችውን አንዲት ድምፅ ፈራት። ከሁሉም ያናደደኝ ይኼ ነው።

ሳጥኖቹን ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት አደረግኳቸው። ሁሉንም በዜሮ ሞላኋቸው። አዲሱን ፕሮግራም ልጭን ጣቴን ሳነሳ ማሽኗ ማንም ሳይነካት ተናገረች።

"አትዝጊብኝ።"

አዲሱን ጫንኩና ዘጋሁበት።

ጸጥ አለ።

"ና አባዬ፣ ሞክራት" አልኩት። እየፈራ ተጠጋና ተየበ።

"ልጄ መረቁ ቀዝቅዟል እንደገና አሙቂልኝ።"

ቆመች። ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለችም።

"አየሽ?" አልኳት አክስቴን። "የጎደለው አንድ ዜሮ ነው። በቃ!"

"እናንተ የተማራችሁ ሰዎች..." እያለች መረቁን ይዛ ወጥ ቤት ገባች።

ያኔ የአባዬ አፍ ተከፈተ። ቀስ ብሎ... ሊያዛጋ መስሎኝ ነበር። መንጋጋው ግን ማቆሚያ እንዳጣ ወረደ፣ ወረደ...

ማንቁርት ከሌለው ጉሮሮ ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ ወጣ። የአባቴ አይደለም። የአባቴን ድምፅ አገር ያውቀዋል።

"እፎይ... እዚህ ሰፊ ነው።"

ወጥ ቤት ሳህን ወድቆ ተሰበረ።

"ተመስገን! ጋሼ ተናገረ! ድምፁ ተመለሰለት!" አክስቴ በደስታ ታለቅሳለች።

የአባዬ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ዓይኖቹ እኔ ላይ ተተክለዋል። እጆቹ ቁልፎቹን በዳበሳ ፈለጉ...

ማሽኗ በዚያች ደረቅ ድምጿ አነበበችለት።

"ልጄ እኔ አይደለሁም።"